ከኋላ ወንበር የቀረው ሲንቄ

ገላኔ ጉተማ ሰው አታምንም። ክፉ ሆና አይደለም፤ ደመወዝ የሚከፈላት ለዚሁ ነው። ለቡ ላይ፣ ከሥሩ ሞባይል ጠጋኝ፣ ከላዩ ጥርስ ነቃይ ባለበት ፎቅ ውስጥ፣ በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎችን የሚያሰማራ አንድ ድርጅት አለ። እዚያ «የተረሱ ዕቃዎች» የምትባለውን ጠረጴዛ የያዘችው እሷ ናት።

ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ የሰው ልጅ የማይረሳው ነገር እንደሌለ ተምራለች። የሠርግ ኬክ ረስቶ የወረደ ሙሽራ አጋጥሟታል። አንዲት ሴት ደውላ «አማቴን ረስቼ ወረድኩ» ብላታለች። ይገኙልኝ ግን አላለችም፤ የት ድረስ እንደሄዱ ብቻ ነው የጠየቀችው።

ሹፌሮችንም በመልሳቸው ለይታ ታውቃለች። «አላየሁም» የሚል ብዙ ጊዜ እውነትም አላየም። «ኧረ እግዜር ያውቃል» ብሎ የጀመረ ደግሞ ወንበሩ ሥር ይፈተሽ። ከሁሉ የምትፈራው «መኪናዬ ውስጥ የለም» የሚለውን ነው። መኪናው ውስጥ ከሌለ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነዋ! ስለዚህ ለሚደውልላት ሁሉ የምትሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ቶሎ ደውሉ፣ ሌላ ተሳፋሪ ሳይቀመጥበት ድረሱበት፣ የጠፋባችሁ ምን እንደሆነ ግን እናንተ ቀድማችሁ አትናገሩ። እሱ ይናገር።

ይህችው ገላኔ ታዲያ ከዓለም ሹፌር ሁሉ አንዱን አመነች። ሚሳኤል ይባላል። ማንም ሳይደውልበት የተረሳ ዕቃ ይዞ ደረጃውን የሚወጣ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን የሕፃን ጫማ ይዞ መጣ፤ ያውም የአንድ እግሩን። «ይህን ማን ብሎ ይደውላል?» ስትለው፣ «ሌላኛውን እግር የያዘው» አላት። መጀመሪያ በዚህ ጠረጠረችው። ቆይታ ወደደችው። በእሷ ዘንድ ሁለቱ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም።

የእሷ ቤተሰብ ፉሪ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ መጥቶ ከጎናቸው ቆመ እንጂ እነሱ ከየትም አልመጡም። የእሱ እናት ደግሞ ከሆሳዕና መጥተው መካኒሳ አቦ ጀርባ የከተሙ፣ ኢየሱስ ጌታ ነው ሳይሉ በር የማይከፍቱ ሴት ናቸው። ፉሪ ላይ ሲወራ እሱ «ያ ጴንጤ ሹፌር» ነው። መካኒሳ ላይ እሷ «ያቺ የፉሪዋ» ናት። ስም መጥራት ግማሽ እሺታ ስለሚመስል ሁለቱም ቤት ስም አይጠራም።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ የገላኔ እናት፣ ሳያንኳኩ ገቡ። ነጠላቸው ዞሯል።

«እማዬ! ምን ሆነሽ? ማን ሞተ?»

«ሲንቄዬ!»

ገላኔ ከወንበሯ ተነሳች። ሲንቄ ለማያውቀው የኦሮሞ ሴት የምትይዘው ቀጥ ያለ ቀጭን በትር ነው። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን በእጇ ትሰጣታለች፤ ቅቤ እየተቀባ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ሰው አይመታበትም። ግን ያገባች ሴት እሱን ይዛ በተጣሉ ሰዎች መሐል ስትቆም፣ ቆመጥ ያነሳ ወንድ ሳይቀር እጁን ያወርዳል። ያላገባች ልጅ አትይዘውም። ገላኔ እስከ ዛሬ የጠረገችው ሲንቄው የቆመበትን ጥግ ዙሪያውን ብቻ ነው።

«መካኒሳ ባልና ሚስት አስታርቄ፣ በጥሪ ታክሲ ፉሪ ወረድኩ። ሲንቄዬ ከኋላ ወንበር ቀረ።»

«አንቺ ጃንጥላ እንኳ ረስተሽ አታውቂም። እንዴት ብለሽ?»

«ስልክ ላይ ነበርኩ፣ ከአጎትሽ ከሮበሌ ጋር።»

«ስለምን?»

«ስለ አንቺ ነዋ! ስለዚያ ጴንጤ ሹፌርሽ! ከመካኒሳ እስከ ፉሪ ስሰድበው መጥቼ፣ በንዴት እንደ ጎረምሳ ዘልዬ ወረድኩ።»

«ያመጣሽ ሹፌርስ ምን አለ?»

«እሱማ ምን የመሰለ ጨዋ! ትንፍሽ አላለም። ስወርድ በር ከፈተልኝ። እንዲህ ያለውን ብታመጪ ምን ነበረበት?»

ገላኔ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ የእናቷን ስልክ ቁጥር አስገባች። ጉዞው ወጣ። ከሥሩ የሹፌሩ ስም ወጣ። አንዴ አነበበችው፤ ቀና ብላ እናቷን አየች፤ እንደገና አነበበችው። ኮምፒውተሩ ሐሳቡን አልቀየረም።

«አገኘሽው?»

«እያየሁ ነው።»

«ዛሬ ካልተገኘ ነገ በጠዋት የፉሪ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ነግሬያቸዋለሁ። የሹፌሩን ቤት ትነግሪኛለሽ፣ ደጁ ላይ እንቆማለን፣ እስኪመልስ አንነቃነቅም።»

«ጨዋ ነው አላልሽም እንዴ?»

«ሲንቄዬ ከተገኘ ጨዋ ነው።»

ገላኔ ስልኩን አነሳች። የሥራ ድምፅዋን አወጣች፤ ቀዝቃዛውን።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከተረሱ ዕቃዎች ነው።»

«ገሊዬ! ምነው እንደ ባንክ ሆንሽብኝ?»

«ከመካኒሳ ፉሪ ከተደረገው ጉዞ በኋላ የተገኘ ዕቃ አለ?»

ከወዲያ ማዶ የመኪና ጥሩምባ ተሰማት፣ አንድ ሰው «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» ሲል ተሰማት፣ የሚሳኤል ትንፋሽ ተሰማት። ከዚያ ከሰው ሁሉ ለይታ ያመነችው ሰው እንዲህ አላት፦

«መኪናዬ ውስጥ የለም።»

ስልኩን ስታስቀምጥ እናቷ «ምን አለ?» አሉ። ገላኔ ጉዞውን ከኮምፒውተሩ ላይ ዘጋችው። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ከቦታው የተነሳ መሰላት፤ ማንን ደውላ እንደምትጠይቅ ግን አላወቀችም።

*

ከሥራ ስትወጣ እንደ ወትሮው ከሕንፃው ማዶ፣ ከብሎኬት ማምረቻው አጥር ሥር ቆሞ ጠበቃት። ሰላም አላለችውም። የኋላውን በር ከፍታ ጎንበስ አለች።

ወንበሩ ታጥቧል። ሚሳኤል መኪና የሚያጥበው ቅዳሜ ነው። ሳሙናው ይሸታል፤ ከሳሙናው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ይሸታል። ቅቤን ሳሙና አያታልለውም፤ በተለይ በዚያ ቅቤ ሽታ ያደገችን ልጅ።

«ማን ነበር እዚህ የተቀመጠው?»

«ሰው።»

«ሚሳኤል!»

«እናትሽ ናቸው» አለ። «መንገድ ላይ ነው ያወቅኋቸው። ‹ገላኔን ያበላሸብኝ ያ ሹፌር› ሲሉ ደንግጬ በስፖኪዮ አየኋቸው። ያንቺ ዓይን ነው።»

«እና ምን አደረግህ?»

«ምን አደርጋለሁ? ‹መስኮቱን ዝጋልኝ፣ አይሰማኝም› አሉኝ። ዘጋሁላቸው። ከዚያ ይበልጥ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

«በትሩስ?» አለች፤ ካለች በኋላ ከንፈሯን ነከሰች። የጠፋውን ቀድማ ተናገረች። ራሷ ያወጣችውን ሕግ ራሷ ሻረች።

«በትር አይባልም። ሲንቄ ነው የሚባለው።»

ይህ ባሰባት። መኪናዬ ውስጥ የለም ያለ ሰው ስሙን ያውቃል! ስሙን ካወቀ ክብሩንም ያውቃል። ክብሩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የት እንደሚያም ያውቃል።

«የት ነው ያለው?»

«እስከ ነገ ታገሺኝ።»

«ለምን እስከ ነገ?»

«ገሊ፣ ይህን አንድ ነገር አትጠይቂኝ። እኔ እጨርሰዋለሁ። ካወቅሽ እናትሽ ያውቃሉ፤ እናትሽ ካወቁ ደግሞ እኔና አንቺ አበቃልን።»

«ሰደበችህ፤ አንተም ተበቀልካት» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ጎመዘዛት። «መንገዱን ሙሉ ዝም ያልከው ለዚህ ነው። በር የከፈትክላት ለዚህ ነው።»

ሚሳኤል አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እንደዚያ ነው የምታስቢኝ?»

«መጠርጠር ሥራዬ ነው።»

«ከሥራ ወጥተሻል እኮ» አላት፤ ቀስ ብሎ።

ላድርስሽ አላላትም፤ አድርሰኝም አላለችውም። በሚኒባስ፣ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት መሐል ተቀምጣ ፉሪ ገባች። መንገዱን ሙሉ የዞረባት ስርቆቱ አልነበረም። ያቺ ቀስ ያለች ድምፁ ነበረች፤ የተሰረቀ ሰው ድምፅ ነበር የምትመስለው።

*

በማግስቱ ጠዋት እናቷ ጎረቤቶቻቸውን ሲሰበስቡ ገላኔ በጓሮ በር ሹልክ አለች። የሹፌሩን ቤት ለእናቷ አልነገረችም። ለራሷ ግን ታውቀዋለች፤ ሚሳኤል አንዴ በመኪና ሲያልፉ «ያ ሰማያዊ በር የእኛ ነው፤ ጎንበስ በይ፣ እናቴ ደጅ ናት» ብሏታል።

ሰማያዊው በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የተከፈተው ዓይን የሚያህል ነው።

«ኢየሱስ ጌታ ነው። ማን ልበል?»

«ከታክሲው ድርጅት ነው፣ እማማ። ስለተረሳ ዕቃ።»

«የተረሳ ዕቃ የለም። ጠላት የጣለው ካልሆነ የተረሳ የለም።» በሩ ትንሽ ሰፋ። የሚሳኤል እናት፣ ወይዘሮ አማከለች፣ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «አንቺ የጌታ ነሽ?»

«እኔ የድርጅቱ ነኝ።»

«እሱም ይሁን። ግቢ።»

ቤቱ ጠባብና ንጹሕ ነው። አንድ ሶፋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ለበግ በረት የሚበቃ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ገላኔ ጓጉንቸሩን እንዳላየ ሰው አየችው።

«ልጄን ሴት ይዛብኛለች» አሉ ወይዘሮ አማከለች፣ ገና ሳይቀመጡ። «ፉሪ ናት አሉ። ስሟን አልጠራም። ትናንት በቀን ልጄ መኪናውን ደጅ አቁሞ ‹እማዬ፣ ከኋላ ያለውን አንቺ አውጪልኝ፣ እኔ አልነካውም› አለኝ። እጁን ወደኋላ አጣምሮ! ጎማ ብቻውን የሚቀይር ልጅ፣ በትር ፈራ! ‹ለምን አትነካውም?› ስለው፣ ‹ባለቤትየዋ ሲሳፈሩ፣ የወንድ እጅ አይነካውም ብለውኛል። እሺ ብያቸዋለሁ› ይለኛል። ባየው ቅቤ ተቀብቷል! አንቺ ብትሆኚ ምን ትጠረጥሪያለሽ?»

የገላኔ ዓይን ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ፤ መልሱን ወይዘሮ አማከለች ራሳቸው ሰጡ።

«ድግምት ነዋ! ቆለፍኩበት። የጸሎት እህቶች ዛሬ ከሰዓት መጥተው ያቃጥሉታል። ራቱን ትቶ ሲለምነኝ አመሸ። ‹እማዬ፣ የሰው እናት ናቸው። እናታቸው በሠርጋቸው ቀን የሰጠቻቸው ነው› እያለ። ቁም ሳጥኑን ሰብሮ መውሰድ አያቅተውም እኮ፤ ማጠፊያው አሮጌ ነው። ግን ሰብሮስ እንዴት አድርጎ ያወጣዋል? አይነካውም!»

ገላኔ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። የተሰደበ ልጅ፣ የሰደበችውን ሴት ቃል ይዞ፣ እጁን አጣምሮ ቁም ሳጥን ፊት ሲቆም ታያት። ነገሩን ያከፋውም መታዘዙ ነው። ትንሽ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ሲንቄው ትናንትናውኑ ፉሪ ይገባ ነበር። እሷ ደግሞ፣ ሰው አዋቂዋ፣ ተበቀልካት አለችው።

«ለምን ዛሬ ድረስ ቆየ ታዲያ?» አለች፤ ድምፅዋ የሥራው ድምፅ አልሆን አላት። «ትናንት ሊያቃጥሉት ይችሉ ነበር።»

ወይዘሮ አማከለች ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። በአንሶላ ተጠቅልሎ የቆመውን አውጥተው ሶፋው ላይ ጋደም አደረጉት፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

«ምድጃ አጠገብ አድርሼው ነበር» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሲንቄው ሳያነሱ። «እዚህ ጋ፣ መያዣው ላይ፣ እይ፤ ጎድጎድ ብሏል። እጅ ነው ያለሰለሰው። የሴት እጅ። የእናቴ ዘነዘና መያዣው እንዲህ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ሰይጣን እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም ልጄ፤ ሰይጣን ሥራ አይወድም።»

የገላኔ እንባ ሳትጠራው መጣ።

«ምነው? አንቺ ምን አገባሽ?»

«የእናቴ ነው» አለች ገላኔ። «እኔ ገላኔ ነኝ። የፉሪዋ።»

ወይዘሮ አማከለች በኢየሱስ ስም ለማለት እጃቸውን አንስተው ነበር፤ የልጅቷን ፊት አይተው ሳይሉት አወረዱት። ምን ሊሉ እንደነበር አይታወቅም፤ ደጅ ላይ ጥሩምባ ተነፋ።

*

ሰማያዊው በር ፊት የቆመችው የሚሳኤል መኪና ጃርት መስላለች። በየመስኮቱ ቅቤ የጠገበ ሲንቄ ተቀስሯል፤ ከኋላ አራት የፉሪ ሴቶች ተፋፍገዋል፤ ከፊት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዛሬ ስልክ አላነሱም።

ሚሳኤል ወረደና ገላኔን በር ላይ አያት። ፊቱ ያላንቀላፋ ሰው ፊት ነው።

«አንተ ነህ ያመጣሃቸው?» አለችው።

«ቤቴን ሊፈልጉ ሲወጡ ደጃችሁ ደረስኩ። አያውቁትም፤ አመጣኋቸው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናትሽን የተሰደብኩትም ያደረስኩዎትም እኔ ነኝ አልኳቸው። እስካሁን ሁለቱን ሰዎች በልባቸው እያስማሙ ነው።»

ሴቶቹ ወርደው በሩ ፊት ተደረደሩ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልጃቸውን ከዚያ ቤት ደጃፍ ሲያዩ ዓይናቸው ጠበበ፤ ለጊዜው ግን አለፏት። ከእሷ ኋላ የቆሙትን ሴት ነው የፈለጉት።

«እመቤት፣ ዕቃዬን ያምጡልኝ።»

«እርስዎ ነዎት ልጄን በቅቤ ያስሩት?»

«እኔ? የእርስዎ ልጅ ነው እንጂ ልጄን በመኪና እያዞረ ያፈዘዘብኝ!»

«ልጄ የተባረከ ነው!»

«ይባረካ! ሲንቄዬን አምጪ!»

«‹አምጪ›? ማንን ነው ‹አምጪ› የምትዪው?»

«አንቺን!»

አንቱታው በአጥር ዘሎ ሄደ። የመንደሩ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። «የሰው ቅርስ ሌባ!» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ። «ጠንቋይ!» አሉ ወይዘሮ አማከለች። ሚሳኤል መሐል ገብቶ «እማዬ፣ እባክሽ» ሲል ሁለቱም እኩል «አንተ ዝም በል!» አሉት። በዚህች ብቻ ተስማሙ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። ወይዘሮ አማከለች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ከዚህ በኋላ የሚወጣ ቃል እንደማይመለስ ገላኔ አወቀች፤ ከእሱ ጋር ሚሳኤልም አይመለስም።

ዞራ ወደ ቤት ገባች። አንሶላውን ገለጠች። ስትወጣ ሲንቄው በእጇ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሄዳ በሁለቱ መሐል ቆመች።

የፉሪ ሴቶች ድምፅ ባንድ ጊዜ ጠፋ። የተቀሰሩት ሲንቄዎች አንድ በአንድ ወረዱ። የወይዘሮ ፀሐይወርቅ እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«ገላኔ» አሉ፤ በሹክሹክታ። «አስቀምጪው።»

«አላስቀምጥም።»

«ያላገባች ልጅ አትይዘውም።»

«አውቃለሁ።»

«ከእናት እጅ ሳትቀበዪ...»

«አውቃለሁ ሀርሜ።» በኦሮምኛ ሀርሜ፣ እናቴ፣ የምትላቸው ስትታመም ብቻ ነበር። «ወንድ አይነካውም አልሽው፤ አልነካውም። ሊቃጠል ደርሶ እንኳ አልነካውም። እየሰደብሽው ነው ቃልሽን የጠበቀልሽ። እኔ እንኳ፣ እኔ፣ ተበቀልካት ብዬው ነበር።» ወደ ሚሳኤል ልታይ ፈራች፤ ግን አየች። እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል፣ አሁንም። ዓይኖቹ ግን ሁሉንም ይቅር ብለው ጨርሰው እሷን እየጠበቁ ነበር። «ከእጅሽ እስክቀበል ብጠብቅ፣ እሱን አግቢ ብለሽ አትሰጪኝም እማዬ። ስለዚህ ይዣለሁ።»

ወይዘሮ አማከለች ቀስ ብለው አጠገባቸው ወዳለችው የፉሪ ሴት ዘንበል አሉ።

«ምን አለች?»

«አገባሁ አለች» አለች ሴትየዋ።

«በኢየሱስ ስም!» አሉ ወይዘሮ አማከለች፤ ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው፣ «አሜን» አሉ። ለየትኛው እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልጃቸው ፊት ደረሱ። ገላኔ ጥፊ ጠበቀች፤ እርግማን ጠበቀች፤ ሲንቄው ከእጇ ሲነጠቅ ጠበቀች። የምትጠረጥረው ሁሉ በየተራ መጣ። እናቷ ግን ፊቷን አልነበረም የሚያዩት። እጇን ነበር።

«እንደሱ አይያዝም» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰባበረ። «እንደ መጥረጊያ ይዘሽዋል። ከፍ አድርጊው።»

የልጃቸውን ጣቶች በጣቶቻቸው ይዘው ወደ ላይ፣ ጎድጎድ ወዳለው ቦታ አመጧቸው። መዳፏ እዚያ ገጠመ። የእናቷ እጅ ከላይ ቀረ፤ አልተነሳም። ገላኔም ሲንቄውን ከእናቷ እጅ ተቀበለች።